ሞተሩን ተዪው፣ መጀመሪያ ክዳኑን እዪ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። እንጀራ አስጋግሬ ለሱፐርማርኬት፣ ለምግብ ቤትና ለካፌ አከፋፍላለሁ። አምና ዕቁብ ሲደርሰኝ ላዩ ላይ ጨምሬ ያገለገለች ዳማስ፣ ትንሿን የጭነት መኪና፣ ገዛሁ። ኮድ 3 ናት። የሚነዳት ታናሽ ወንድሜ ነው። በአንድ ዙር 1,200 እንጀራ እንጭናለን። ችግራችን ዳገት ነው። ቸርችልን ወጥታ ማዘጋጃ ቤት ስትደርስ ትፈላለች። ውሃ አጠጥተን እንቀጥላለን። ሽሮ ሜዳማ ጭራሽ ታስለቅሰናለች። የሰፈራችን መካኒክ ሞተሯ አይችልም፣ ትልቅ ሞተር እናስገባላት ይላል። ወንድሜ ደግሞ ከሥሯ ባሌስትራ ይጨመር፣ ጣሪያዋ ላይም ፖርቶመጋላ ይገጠምና በአንድ ዙር ሁሉንም እንጨርስ ባይ ነው። እሁድ ቆማ ከምትውል ኋላዋ ላይ ወንበር ተበይዶ ለሰርግና ለለቅሶ ሰው ብናመላልስባትስ ብሎም ያስባል። ባለቤቴ ሸጠሽ የኤሌክትሪክ መኪና ግዢ ይለኛል። እኔ መሃል ላይ ሆኜ ግራ ገብቶኛል። ምን ይመክሩኛል? የእንጀራ ነጋዴዋ፣ ከጀሞ»

ውድ እህቴ፣ ሥራሽ ይባረክ። ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። ሦስት ሰው አራት ምክር ሰጥቶሻል። አንዳቸውም ግን ጭነቱ ስንት ኪሎ ነው ብለው አልጠየቁሽም። አንቺም አልነገርሽኝም፤ የነገርሽኝ በእንጀራ ቁጥር ነው። እኔ የምጀምረው ከሚዛን ነው፤ የሌላው ጥያቄሽ ሁሉ መልስ እዚያ ላይ ነው ያለው።

እንጀራ ሲያዩት ቀላል ነው። አንዱን 350 ግራም ብንለው 1,200ው 420 ኪሎ ይመጣል። የአንቺ ወፈር ያለ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ነገ ጠዋት አሥሩን አንድ ላይ መዝኚና ራስሽ አስዪው። ከዚያ መደርደሪያውን አስቢ። አብዛኛው እንዲህ ያለ መኪና ላይ የማየው መደርደሪያ በ40 በ40 ቱቦላሬ የተበየደና በላሜራ የተሸፈነ ነው። አምስት ባለ 6 ሜትር ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 54 ኪሎ ይሆናል። የ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል። ሰባት ካሬ ሜትር ከገባበት ሌላ 55 ኪሎ ጨመርሽ። አንድ እንጀራ ሳትጭኚ ከ100 ኪሎ በላይ ብረት ተሸክማ ከጀሞ ትወጣለች ማለት ነው። ወንድምሽ አለ፣ ረዳት ካለም እሱ አለ። ስኮርታው፣ ክሪኩ፣ ቤንዚኑ አለ።

አሁን ሊብሬሽን አውጪና የመጫን አቅም የሚለውን እዪ። ይህ መኪና ዴው የተባለው የኮሪያ ኩባንያ የሱዙኪ ካሪን መሠረት አድርጎ በ1991 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመረው ነው። ሞተሯ 796 ሲሲ፣ ባለ 3 ሲሊንደር ነው። ጉልበቷ 38 ፈረስ ገደማ ነው፤ ያውም ባሕር ዳርቻ ላይ። ጃፓኖች ለዚህ ዓይነት ትንሽ የጭነት መኪና በሕግ የወሰኑት ጭነት 350 ኪሎ ነው። ኮሪያዎቹ ከዚያ ከፍ አድርገውታል እንጂ ከሌላ ዓለም የመጣች መኪና አይደለችም።

አዲስ አበባ ደግሞ ባሕር ዳርቻ አይደለችም። ቦሌ ኤርፖርት ብቻ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ እንጦጦ ስትወጪ እየጨመረ ይሄዳል። ቱርቦ (አየር እየገፋ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ያቺ 38 ፈረስ እዚህ ስትደርስ ከ30 በታች ናት። መካኒኩ ሞተሯ አይችልም ሲል ውሸቱን አይደለም። የጫናችሁባትን አይችልም። ግን የመፍላቱ ምክንያት ይህ ብቻ አይመስለኝም። ጉልበት ያነሳት መኪና ዳገት ላይ ትጎተታለች፣ አንደኛ ማርሽ ትለምናለች እንጂ በየቀኑ አትፈላም። በየቀኑ የምትፈላ ከሆነ የማቀዝቀዣው ነገር ታሟል።

ስለዚህ አንድ ብር ለሞተር ከማውጣትሽ በፊት የራዲያተሩን ክዳን እዪ። እውነቴን ነው፣ ክዳኑን። ሰው ክዳን ማለት ውሃ እንዳይፈስ የሚከድን ነገር ይመስለዋል። ሥራው ግፊት መያዝ ነው። አዲስ አበባ ላይ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፣ በ92 አካባቢ ይፈላል። ሞተር ደግሞ ሲሠራ ውሃው 90 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛለሽ፤ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9ኙ በደህና ከሠራ ውሃው እዚህ ከተማ ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። ላስቲኩ ደርቆ ወይም ስፕሪንጉ ደክሞ ግፊት ካመለጠው ግን ወደዚያች 92 ትመለሻለሽ። ቸርችል ላይ የሚያስፈላው ይህ ሊሆን ይችላል። ቆላ ላይ የደከመ ክዳን ትንሽ ይታገሥሻል፣ አዲስ አበባ ላይ አይታገሥም።

ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ክፈቺው። ትኩስ እያለ በፍጹም፤ ፊት ይገሽልጣል። ከታች ያለው ላስቲክ ከተሰነጠቀ፣ ከጠነከረ ወይም የዝገት ቅርፊት ከያዘ ቀይሪው። አዲስ ስትገዢ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፣ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ይሁን። ከፍ ያለ ቁጥር የተሻለ ነው ብሎ የሚሸጥልሽ አይጠፋም፤ ያረጀ ቱቦና ያረጀ ራዲያተር ላይ ከፍ ያለ ግፊት ማስገባት ሌላ ቀዳዳ መክፈት ነው።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ፋኑን እዪ። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ እየሠራ ሲግል ፋኑ በራሱ መነሳት አለበት። ካልተነሳ ፊውዙ፣ ሴንሰሩ ወይም ሞተሩ ነው፤ ሦስቱም ከሞተር ቅየራ ጋር ሲተያዩ ሽርፍራፊ ሂሳብ ናቸው። የራዲያተሩ ቅጠሎች በጭቃና በአቧራ ከተደፈኑ ከውስጥ ወደ ውጭ ለስለስ ባለ ውሃ ይታጠቡ። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደው ቴርሞስታት መኖሩንም ጠይቂ። ብዙ ጋራዥ «ያፈላል» እያለ አውጥቶ ይጥለዋል። ያለሱ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ሳይሞቅ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ቶሎ ያልቃል። አዲስ ቴርሞስታት ማስገባት ይቀላል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ አሁንም ከፈላች የቴስታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በታችኛው አካሉ መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ክዳኑን ከፍታችሁ ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሱ። ውሃው ላይ አረፋ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም የዘይቱ ማያ ዘንግ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ይዞ ከወጣ እሱ ነው። ያን ጊዜ ሥራ አቁሙና ጋራዥ ግቡ።

ውሃ አጠጥተን እንቀጥላለን ያልሽው ነገር አስደንግጦኛል። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታውን ያጣምማል፣ ሲብስም ይሰነጥቀዋል። እስካሁን የማረሽ ዕድልሽ ነው። ስትፈላ ዳር ይዛችሁ ማጥፋት፣ ግማሽ ሰዓትም ይሁን ከዚያ በላይ እስክትቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። እንጀራው ይዘግያል፣ ይዘግይ። ከዚያ በኋላ የቧንቧ ውሃ ሳይሆን ኩላንት ይግባባት። የቧንቧ ውሃ ውስጡን ያዝጋል፣ ቅርፊት ይሠራል፣ ያ ቅርፊት ራዲያተሩን ይደፍነዋል፣ እንደገና ትፈላለች።

ሌላም ነገር አለ። የዳማስ ሞተር ያለው ከፊት መቀመጫው ሥር ነው። መቀመጫውን ሳያነሱ ዘይት አይታይም። በዚህ ምክንያት ብዙ ሹፌር ሳያይ ይውላል። ወንድምሽ ጠዋት 11 ሰዓት እንጀራው ሳይጫን መቀመጫውን ያንሳ፣ ዘይትና ውሃ ይይ፣ ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር ካለ ይይ። ከተጫነ በኋላ ማንም አያደርገውም፤ ሰው ነን። ያረጀ ካርቡራተር ያላት ከሆነም ካንዴላውን አስወጥታችሁ እዩት። ጥቁር ጥላሸት የያዘ ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል ማለት ነው። ካርቡራተር የሚያውቅ ባለሙያ ለደጋ አየር ያስተካክለዋል። ጉልበትም ቤንዚንም ታተርፊበታለሽ።

ወደ ሞተር ቅየራው ልምጣ። አይሆንም። ትልቅ ሞተር ብቻውን አይገባም። ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ዲፈረንሻሉ፣ ራዲያተሩ የተሠሩት ለትንሿ ሞተር ነው። ትልቁ ሲገባ ተራ በተራ ይጮሁብሻል። ፍሬኑ ደግሞ ያው የድሮው ነው፤ ፈጥነሽ ትወጫለሽ፣ መቆሙ ግን አልተሻሻለም። የወረቀቱም ጣጣ አለ። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ሞተር፣ ሻንሲ ወይም ቀለም ሲቀየር መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ማወቅና ሊብሬ ላይ መግባት አለበት። የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልተገናኘ ቦሎ ስታሳድሺ ትያዣለሽ፣ ስትሸጪም ገዢ ይሸሻል። ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሕጋዊ ሰነድ ከሌለ ደግሞ ጭራሽ አትንኪው። መካኒክሽን አልሳደብም፣ ግን ሞተር ማውረድና መስቀል ለእሱ ጥሩ ሥራ ነው፤ ክዳን መቀየር አይደለም።

ለሞተር ያሰብሽው ገንዘብ ካለ ሌላ ቦታ አውጪው። ታይሚንግ ቤልቱ መቼ እንደተቀየረ የቀድሞ ባለቤት ማስረጃ ካልሰጠሽ አሁኑኑ ይቀየር። ቤልት ዓይን ላይ ደህና መስሎ መንገድ ላይ ይበጠሳል። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ማንም አያስታውሰውም፤ አስቀይሪው። የኋላ ቸርኬ ኩሽኔታ ሲሽከረከር ጉምጉም የሚል ድምፅ ካለው አትጠብቂው። የሞተር ዘይቱን ብዙ ሰው በ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀይረዋል። ያንቺ መኪና ቀኑን ሙሉ እየቆመች የምትነሳ ናት፣ ቤቷም አቧራ ነው። እኔ በ4,000 እላለሁ። ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስትሄጂ የሱዙኪ ካሪ ዕቃ ብዙው ይገጥማል፣ ግን እዚህም አሮጌውን ዕቃ ይዘሽ ሂጂና ጎን ለጎን አስተያይው። «ይሄ የሷ ነው» የሚል አፍ ብዙ ነው።

ባሌስትራ። ወንድምሽ ልክ ነው ብዬ ልጀምር፤ ኋላዋ ከወረደ፣ ባዶዋን ቆማም ዝቅ ካለች፣ ባሌስትራው ደክሟል። በልኩ አዲስ ይግባላት። እሱ የሚለው ግን ሌላ ነው። አንድ ቅጠል ጨምሮ ጭነት መጨመር ነው። ባሌስትራ ሲጨመር መኪናዋ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ የቻለች ትመስላለች። አክስሉ ግን ያው ነው። ኩሽኔታው፣ ፍሬን ሸራው፣ ባለ 12 ኢንቹ ጎማ ያው ነው። የተለወጠው ሲያዩዋት ያላት መልክ ብቻ ነው። ባዶዋን ስትመለስ ደግሞ ኋላዋ ይዘላል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ትከዳለች።

ፖርቶመጋላው ከዚህ ይብሳል። ይህች መኪና ጠባብና ቁመታም ናት። ጣሪያዋ ላይ 100 ኪሎ ሲወጣ ኩርባ ላይ ትዘነበላለች። ለባዶ ሳፋና ለባዶ ክሬት ከሆነ ቀላል ፖርቶመጋላ አልቃወምም። እንጀራ ግን ጣሪያ ላይ አይወጣም፤ ፀሐዩም፣ አቧራውም፣ ዝናቡም አለ። በዚያ ላይ የሚገዛሽ ሱፐርማርኬት ያየዋል።

ወንድምሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወርድ በፎሌ፣ ማርሽ ሳያስገባ፣ ነው የሚወርደው? ቤንዚን ለመቆጠብ ብዙ ልጆች እንዲህ ያደርጋሉ። ጭነት ይዞ በፎሌ መውረድ ሙሉውን ክብደት ፍሬን ላይ መጣል ነው። ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ውሃ የጠጣ ከሆነ ይፈላል፣ ፔዳሉ እስከ ወለል ይገባል። በወጣችበት ማርሽ ትውረድ። የፍሬን ዘይት በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር፤ ስትገዢ ካልተቀየረ አሁን ይቀየር። ጎማውም የቤት መኪና ጎማ እንዳይሆን። ከመጠኑ ቀጥሎ «ሲ» የሚል ፊደል ያለው፣ ለጭነት የተሠራ መሆን አለበት። ነፋሱ በር ላይ በተለጠፈው ልክ ይሞላ፣ በጎሚስታው የዓይን ግምት አይሁን። ከሁሉም በፊት የፍሬኑንና የጎማውን ጉዳይ ጨርሱ፤ መደርደሪያ ይደርሳል።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ። መኪናሽን ማሻሻል ትፈልጊያለሽ? መደርደሪያውን አስወጪው። በ40 ፋንታ በ20 በ20 ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 1.2 የሆነ፣ አሠሪ። ያው 30 ሜትር ወደ 21 ኪሎ ይወርዳል። እንጀራ እንጂ ሲሚንቶ አትጭኚም፣ 20ው ይበቃል፤ ማዕዘኑ ላይ ሰያፍ ድጋፍ ይግባበት እንጂ። በላሜራው ፋንታ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ተጠቀሚ፣ ክብደቱ ከላሜራው ግማሽ ያህል ነው። በአጠቃላይ ወደ 60 ኪሎ ታተርፊያለሽ። ያ ማለት ወደ 170 እንጀራ ነው። ሞተር ሳትቀይሪ፣ ባሌስትራ ሳትጨምሪ ያገኘሽው ቦታ ነው። ከዚያም ሁሉንም በሁለት ዙር ከፍላችሁ ብትጭኑ የበለጠ ደስ ይለኛል። የጠዋቱ ወደ ፒያሳና ሽሮ ሜዳ፣ የረፋዱ ወደ ሳር ቤት፣ ሜክሲኮና ቦሌ ቢሆን ዳገት የምትወጣው በግማሽ ጭነት ነው።

ፕላይውዱ እንዳይረጥብ በውሃ የማይሟሟ ቀለም ቀቡት፣ ጠርዙ ላይ ደግማችሁ ቀቡት፤ ውሃ የሚገባው በጠርዙ ነው። ላዩ ላይ ለምግብ የሚሆን ፕላስቲክ ይነጠፍ፣ ማታ ማታ በጨርቅ ይወለወል። ወለሉ ላይ ከሞተሩ በኩል የሚመጣ ሙቀት አለ። ከፊት መቀመጫው ኋላ ያለውን የመጀመሪያ ረድፍ ልብ በይው፤ እዚያ የሚቀመጥ እንጀራ ከሌላው ቀድሞ ያልባል፣ ላብ የያዘ እንጀራ ደግሞ ቶሎ ይሻግታል። ሙቀት የሚከለክል ፎም በወለሉና በፕላይውዱ መሃል አስገቢ። ሳይበርድ በላስቲክ የታሸገ እንጀራ ግን ምንም ፎም አያድነውም፤ እሱን መጋገሪያው ላይ ጨርሺ። ከኋላና ከጎን ትንሽ አየር ማስተላለፊያ፣ ወንፊት ያለው፣ አቧራ የማያስገባ፣ አሠሪ።

በሹፌሩና በጭነቱ መሃል ግድግዳ ይኑር። ሽቦ ወንፊትም ቢሆን ይበቃል። ድንገት ፍሬን ሲያዝ 400 ኪሎ ወደፊት ይመጣል፣ ወንድምሽ ጀርባ ላይ። መደርደሪያው ወለሉ ላይ አይበየድ፣ በቡሎን ይታሰር፤ ከሥር ሰፋ ያለ የብረት ሮንዴላ ይኑረው። ወለሏ ስስ ነው፣ ብየዳ ያበሳዋል፣ ከዚያ ዝገት ይገባል። ከሥሯ የቤንዚን ታንከርና ቱቦ እንዳለም ባለብየዳው ይወቅ። መበየድ የግድ ከሆነ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ፣ ፎሙና ፕላይውዱ ይውጣ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብ ይኑር። ውስጡ ላይ አንድ የኤል.ኢ.ዲ. መብራትም አስገቢ፣ ንጋት ላይ ትቆጥሪበታለሽ። ወንድምሽ ትልቅ ስፒከር እንደሚፈልግ እገምታለሁ። እሱ በራሱ ደመወዝ ይግዛ፣ ከባድ ካልሆነ ቅር አይለኝም።

ሰው የማመላለሱን ነገር ግን ቁርጡን ልንገርሽ። እምቢ በይ። ወንድምሽ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ለለቅሶ ጎረቤት ማድረስ እኛ ዘንድ ደግ ሥራ ነው፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ጭነት ክፍሉ የተሠራው ለዕቃ ነው። ቀበቶ የለውም፣ ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታም የለውም። የተበየደ አግዳሚ ወንበር በግጭት ጊዜ ከተቀመጡበት ሰዎች ጋር አብሮ ይነቀላል። ሰባት ሰው ደግሞ ከእንጀራሽ ጭነት ይበልጣል፣ ያውም የሚንቀሳቀስ ጭነት። ኮድ 3 የንግድ ታርጋ ነው፣ ያንቺዋ ግን የጭነት መኪና ናት፤ በክፍያ ሰው ለማመላለስ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። የሙሉ መድን ውል ካለሽም አገልግሎቱ ጭነት ተብሎ ነው የተጻፈው። ኋላ ላይ የተቀመጠች አንዲት እናት ብትጎዳ ኢንሹራንሱ ውሉን ያወጣና ያነብልሻል። ከዚያ በኋላ ያለው ዕዳ የአንቺ ነው፤ የቤተ ዘመዱን ቅያሜም እሱ ላይ ጨምሪበት። እሁድ ቆማ መዋሏ ኪሳራ አይምሰልሽ። እሁድ ሰርቪስ የሚደረግበት፣ ውስጧ የሚታጠብበት ቀን ይሁን። ገቢ ካስፈለገ የዕቃ ሥራ ያዙ፤ ለሰርጉም ቢሆን ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን ማጓጓዝ ይቻላል። በልኩ።

ከየዙሩ ገቢ ለመኪናዋ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ። ዕቁብ የለመደ እጅ አይከብደውም። ዘይት የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የተገዛውን ዕቃና ዋጋውን የምትጽፊበት ደብተር ዳሽቦርዱ ላይ ይኑር። ስትሸጪ ይህ ደብተር ዋጋ ያወጣል፣ ደላላውም አፉን ይይዛል።

የባለቤትሽን ሐሳብ መጨረሻ ያደረግኩት ስለናቅኩት አይደለም። ለአንቺ ሥራ ኤሌክትሪክ ይመቻል። መንገድሽ አጭርና የታወቀ ነው፣ ማታ ቆማ ታድራለች። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ደጋው ጉልበቱን አይቀንሰውም። ቁልቁለት ላይ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። በጥር 2016 ኤሌክትሪክ ያልሆነ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ የቻይና ትንንሽ የኤሌክትሪክ የጭነት ቫኖች ከተማ ውስጥ እየታዩ ነው። በዚያው ክልከላ ምክንያት ያንቺም ዳማስ በቀላሉ የምትረክስ አይመስለኝም፤ ስለዚህ አትጣደፊ። እየፈላች ብትሸጫት ገዢው በመፍላቷ ዋጋ ይጥልብሻል። አስተካክለሽ አንድ ዓመት ሥሪባትና ያኔ እዪው።

እስከዚያ ሁለት ነገር አጣሪ። አንደኛ፣ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖሪው። ፓርኪንጉ ላይ ቆጣሪ አስገብተሽ ቻርጅ ማድረግ ይፈቀድልሻል ወይ? ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት የሚንጠለጠል ገመድ አደጋ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። የነዋሪዎቹን ኮሚቴ አሁኑኑ ጠይቂ፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ ስብሰባ ላይ ወራት ይፈጃል። ሁለተኛ፣ ሻጩ ባትሪው ሲታመም የሚያክመው ማን እንደሆነ፣ ዋስትናው ስንት ዓመት እንደሆነ በጽሑፍ ይስጥሽ። «ጭነት ይዞ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብለሽም ጠይቂ፤ በባዶ የሚሄደውን እንዳይነግርሽ። ከተቻለ ያንቺኑ 420 ኪሎ ጭነሽ ከጀሞ ሽሮ ሜዳ ደርሰሽ ተመለሺበት፣ ባትሪው ላይ የቀረውንም ቁጥር በደብተርሽ ጻፊ። ይህን ሙከራ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመሽ ሌላ ሻጭ ፈልጊ።